የክብሪት ሽታ

ሲስተር ሉባባ መሞቷን የሰማሁት በስልክ ነው። ጠዋት የላቦራቶሪውን በር ከፍቼ ጋዋን ሳልለብስ ወንድሟ ሰኢድ ደወለ። «ታደሰ፣ ሉባባ አረፈች» አለኝ።  እንደ ሞኝ «የት?» አልኩት። ሰው ሞተ ሲባል የት ብሎ መጠየቅ ምን ይረባል? «አባባ ቤት። ለዒድ መጥታ» አለኝ። ምን ሆና እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ ይዝጋው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ቀን የመጡት እርጉዞች ሽንታቸውን በብልቃጥ ይዘው ሲሰለፉ አንዱንም በቅጡ አላየሁም። እጄ ይሠራል፣ ልቤ ግን የለም። አንዷ «ሲስተር ሉባባ የለችም እንዴ ዛሬ?» ብትለኝ «ለዒድ ሄዳለች» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

እኔና ሉባባ መካነ ሰላም ሆስፒታል ውስጥ ፊት ለፊት በተያዩ ሁለት ክፍሎች ነው የኖርነው ማለት ይቻላል። እሷ አዋላጅ ናት፣ የእርጉዞች ክትትል ክፍል የእሷ ነው። የደም ግፊት ትለካለች፣ ሽንት ወደኔ ትልካለች። እኔ ቀጭኗን ወረቀት ሽንቱ ውስጥ እነክራለሁ። ወረቀቷ ቢጫ እንደሆነች ከቀረች ሰላም ነው። ወደ አረንጓዴ ከዞረች የእርጉዟ ኩላሊት ፕሮቲን እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ነገር አለ። ሉባባ ውጤቱን ቁጭ ብላ አትጠብቅም። በሯ ላይ ቆማ፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እያለ፣ «አንተ ሽንት አዋቂው! ምን አልክ?» ብላ ትጮሃለች። ሰው ይስቃል፣ እኔ እናደዳለሁ። ለዚህ ነው እኔም «ዘር ቆጣሪዋ» የሚል ስም ያወጣሁላት። የኔ ስም ለእሷ ሲያንስ ነው፤ የእሷ ግን ከተማ ውስጥ እስኪጠሩኝ ድረስ ተጣበቀብኝ።

ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ፣ የጋዋኗ ኪስ ሁልጊዜ ቆሎ ያለበት ሴት ነበረች። ማዳመጫውን እርጉዟ ሆድ ላይ ከማሳረፏ በፊት ብብቷ ውስጥ ይዛ ታሞቀዋለች፤ የኛ ብርድ ብረት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሆነ የደጋ ሰው ያውቀዋል። እና ሁሉንም፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳትል፣ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። «እናትሽ አንቺን ስትወልድ እንዴት ነበረች? ራሷን አሟት፣ አብጣ፣ ጥሏት ያውቃል?» ይኼን ብዙዎቹ ይመልሳሉ። ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «የባልሽስ እናት?»

በኛ አገር ለጋብቻ ዘር ይቆጠራል። ሽማግሌ ቁጭ ብሎ እስከ ሰባት ቤት ይወርዳል፤ ዝምድና እንዳይኖር፣ ቁምጥና እንዳይኖር፣ የሚጥል በሽታ እንዳይኖር። የሚቆጠሩት ታዲያ አባቶች ናቸው። ሴቶቹ በምን እንደሞቱ የሚጠይቅ የለም፣ ቢጠይቅም የሚነግረው የለም። ሉባባ የምትቆጥረው ያንን ያልተቆጠረውን ነው።

አንድ ቀን ከቆላው በኩል የመጣ ገበሬ ሚስቱን ሲያስመረምር ጥያቄው ደረሰውና ቱግ አለ። «ያረገዘችው እሷ! የኔን እናት ምን አመጣት?» ሉባባ ከኪሷ ቆሎ ዘግና እጁ ላይ አደረገችለትና አስቀመጠችው።

«አባቴ፣ እንግዴ ልጅ የማን ነው?»

«የሷ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?»

«አይደለም። ልጁ ግማሹ ያንተ እንደሆነው ሁሉ እንግዴ ልጁም ግማሹ ያንተ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ጭንጫ ላይ ብትዘራ ምን ይሆናል?»

«ሥሩ መች ይዘልቅና። ላይ ላዩን ይቀራል።»

«እንግዴ ልጅም እንደዚያ ነው። ሥሩን ወደ ማህፀን ሰዶ፣ የእናትየውን የደም ሥር ሰፋ አድርጎ መጠጣት አለበት። ለአንዳንዷ አይዘልቅላትም። ደም ሲያጥረው ያኮርፍና አንድ ፕሮቲን ደሟ ውስጥ ይረጭባታል። ያ ፕሮቲን ደም ሥሮቿን የሚያዝናናውን ንጥረ ነገር እየያዘ ያስርባታል። ደም ሥሯ ይጨመደዳል፣ ግፊቷ ይወጣል፣ ኩላሊቷ ያፈሳል፣ ጭንቅላቷ ጋ ሲደርስ ይጥላታል። ይኼን እንዲረጭ የሚያደርገው ነገር በዘር ይመጣል፣ ከእናትም ከአባትም። እናትህ አንተን ስታረግዝ እንደዚያ ሆና ከነበረ፣ አንተ ምንም ሳያምህ ሚስትህ ሆድ ውስጥ ልታስቀምጠው ትችላለህ።»

ሰውየው ቆሎውን መቆርጠም አቆመ። «ታዲያ እኔ ነኝ የምበላት?»

«ማንንም አትበላም። ዘር ብቻውን አይገድልም፤ ዕድሉን ነው ከፍ የሚያደርገው። የሚገድለው መደበቅ ነው። ከነገርከኝ ከዛሬ ጀምሬ እጠብቃታለሁ።» ገበሬው ሚስቱን ወደ ውጪ ላካት። ከዚያ ስለ እናቱ ለሉባባ ነገራት። ሚስቱ በሰላም ወለደች፣ እሱም በዓመቱ አንድ ጣሳ ማር ይዞ መጣ። ማሩን እኔም በልቻለሁ።

አሁን ወደ ክብሪቱ ልምጣ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተት በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ ያነቃዋል ይባላል። እርጉዝ ሴት ግፊቷ ወጥቶ ስትንቀጠቀጥም ያው ክብሪት ነው የሚመጣላት። ከዚያ በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧትና ሆስፒታል ሲደርሱ ቤተሰቡ አንድ ቃል ነው። «ምንም አልሆነችም፣ ደክሟት ነው።» ጣላት ብሎ ማን ይናገራል? ጂን አለባት ቢባል እህቶቿ ሳያገቡ ይቀራሉ። ሉባባ ስለዚህ ቤተሰቡን መጠየቅ ትታ ነበር። ጎንበስ ብላ የሴትየዋን ነጠላ ታሸታለች።

አንዴ አማትየዋ «ኧረ በነቢ፣ አልጣላትም!» እያሉ ሲምሉ ሉባባ የነጠላውን ጫፍ አነሳች። ክብሪቱ ሲጫር የነደደው ጫፉ ወድቆ ያቃጠላት፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቀዳዳ ነበረች። «እማማ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለቻቸው። ወዲያው ዞራ «ማግኒዥየም!» ብላ ጮኸች፤ መንቀጥቀጡን የሚያቆመው መርፌ ነው። ያቺ ሴት ተርፋለች። እንደዚያ ያተረፈቻቸው ብዙ ናቸው፤ እኔ ብቻ የማውቃቸውን ስጠራ እውላለሁ። ይኼን የምጽፈው የተረፉት እንዳይረሱ ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ጨለማ ስለሆነ።

ሽታውን ከየት እንዳወቀችው አንድ ቀን ነገረችኝ። ክረምት ነበር፣ በሽተኛ የለም፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ቆሎ እንበላለን። ዝናቡን እያየች፣ ወደኔ ሳትዞር ነው የነገረችኝ።

«እናቴ ሰኢድን ስትወልድ ጣላት። እኔ ልጅ ነኝ። እቤት ክብሪት አልቆ ነበርና 'ሩጪ፣ ከጎረቤት ክብሪት አምጪ' አሉኝ። ሮጥኩ። አመጣሁ። የማድናት መስሎኝ ነበር፣ ታዴ። ሰኢድ ወጣ፣ እሷ ቀረች።»

«ምን ነበር ያሉት ታዲያ?»

«ምች ነዋ። ፀሐይ ላይ ውላ ምች መታት አሉ። ዳማከሴ ሳይጨምቁላትም አልቀሩ። ለሰው ሁሉ ያንኑ ተናገሩ፣ እሱንም ምች ብለው አሳደጉት። እኔንም ዝም በይ አሉኝ፣ ዝም አልኩ።»

«አንቺስ ያላገባሽው ለዚሁ ነው?» አልኳት። ድፍረቴ ነው፤ ግን እኛ እንደዚያ ነበርን። «እኔ ጋ እንኳ ይቁም ብዬ ነው» አለችና ሳቀች። ያኔም የራሷ ግፊት ከፍ ያለ ነበር። ኪኒኗን ከቆሎው ጋር እዚያው ኪሷ ውስጥ ነበር የምትይዘው።

ሰኢድን ያሳደገችው እሷ ናት፣ በጀርባዋ አዝላ። አድጎ መካነ ሰላም እህል ነጋዴ ሆነ፤ ሐዋ የምትባል ልጅ ወደደ። ሐዋ ከአቀስታ ወዲህ፣ ጭጋጉ እስከ ቀትር ከማይነሳበት ደጋ ናት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሉባባ ገዛ አባቷ ዘንድ ሄደች። ሸህ ይማም ይባላሉ፤ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቁርኣን ያስቀሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። «ለልጅቷ ቤተሰብ እንንገራቸው» አለቻቸው። እሳቸው መለመን ጀመሩ።

«አፈር ስሆን ልጄ። እናትሽ ስትሞት የእናትሽ እህት ታጭታ ነበር። ወሬው ደረሰና ያጯት ሰዎች ሽማግሌ መልሰው አፈረሱ። እንደታጨች አረጀች። እኔ ምች ያልኩት ለራሴ ነው? ለናንተ ነው። ይኼን ልጅ ሚስት አትከልክይው።»

እሺ አለቻቸው። ግን አንድ ነገር አስማለቻቸው፤ ሐዋ ካረገዘች ከእሷ ዓይን አትርቅም። ሰርጉ ተሠረገ፣ እኔም ጨፍሬያለሁ። ሐዋ ከተማ ገብታ ከሉባባ አጠገብ መኖር ጀመረች። ፊቷ የማይፈታበት ቀን የሌለ፣ ለምንም የማትፈራ ልጅ ነበረች። ባረገዘች ጊዜ ሉባባ ገና ከመጀመሪያው አነስተኛ አስፒሪንና ካልሲየም ጀመረችላት፤ አንዳንዷን ይጠብቃል። ሽንቷን በየሳምንቱ ሉባባ ራሷ ይዛው ትመጣለች። ወረቀቱን ስነክር ትከሻዬ ላይ ታንዣብባለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ቢጫ ነው» እላታለሁ።

«አልሐምዱሊላህ!» ትልና ጀርባዬን መታ አድርጋ ትሮጣለች። ያን ወራት ያህል ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እኔም በቀኑ ውስጥ የምጠብቀው ያንን ሆነ።

መውለጃዋ ሲቃረብ የሐዋ እናት መጡ። ወይዘሮ ዘይነባ ይባላሉ። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይኼ የማይነካ ወግ ነው። ገንፎዋን እናቷ ካላገነፋች፣ ወገቧን እናቷ ካላሰረች ሴቲቱ ሰው የላትም ማለት ነው። ሉባባ እኔን «የሆስፒታል ሰው ነህ፣ ብትረዳኝ» ብላ ጠራችኝ። ሰኢድ ቤት ስደርስ ሸህ ይማምም ነበሩ፣ የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ይዘው ጥግ ተቀምጠዋል። ሐዋ ዕቃዋን ጠቅልላ ቆማለች፣ ደስ ብሏታል።

«እዚህ ትውለድ፣ እማማ። እርስዎም እዚሁ ይሁኑ፣ ቤት አለ» አለች ሉባባ።

«ምነው ልጄ? ቤቴ አነሰባችሁ? ልጄን ማረስ አቅቶኝ ነው?»

«አይደለም። ግፊቷን መከታተል አለብኝ።»

«ጤነኛ አይደለች እንዴ? እስቲ እይዋት!» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። እውነታቸውን ነው፤ ሐዋ አበባ መስላ ነበር። እኔም ስለ ሆስፒታልና ስለ መንገዱ ርቀት የሆነ ያልሆነውን ቀባጠርኩ። ማን ይሰማኛል? ሴትየዋ የልጃቸውን እጅ ያዙ። ሉባባ አባቷን አየች። ሸህ ይማም ዓይናቸውን ከሙስበሃው አላነሱም።

ያኔ ተናገረችው። ቆማ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። «እማማ፣ እናታችን በምች አይደለም የሞተችው። ሰኢድን ስትወልድ ጥሏት ነው የሞተችው። ይኼ ነገር በዘር ይሄዳል። ወንድሜ አይታመምም፣ ግን ሚስቱ ላይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ነው አትውሰዷት የምለው።»

 መጀመሪያ የተናገረው ሰኢድ ነው። «እናቴ በምች ነው የሞተችው» አለ፣ እንደ ልጅ።  አባቱን አየ፣ እህቱን አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ የሰሙት ግን ሌላ ነው። ዘር ሲባል፣ መጣል ሲባል፣ እሳቸው የሰሙት ይኼ ቤት ጂን አለበት ተብሎ ነው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ልጃቸውን ወደ ራሳቸው ሳቧት። «ያ ረቢ! ምን ቤት ነው ያስገባሁሽ ልጄ! ነይ ውጪ! ነይ ከዚህ ውጪ!»

ሉባባ በሩ ላይ ቆመችባቸው። «እማማ፣ የምትሸሹት ነገር እዚህ ቤት አይደለም ያለው። በሆዷ ይዛው ነው የምትሄደው!»

ይኼን ባትል ይሻል ነበር? አላውቅም። ሴትየዋ ጆሯቸውን ይዘው «አዑዙ ቢላህ» እያሉ ልጃቸውን እየጎተቱ ወጡ። ሰኢድ ኪኒኑን ይዞ እስከ መኪናው ተከተላቸው። «የዚያ ቤት ኪኒን ልጄ አፍ አይገባም» ብለው መለሱት። ኪኒኑ ሰኢድ ቤት መስኮት ላይ ተቀመጠ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው አየሁት።

ሉባባ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወለች፣ ሰው ላከች። በእረፍት ቀኗ በሚኒባስ ሄዳ፣ ከመንገድ ገብታ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ደረሰች። «ሐዋ የለችም፣ አክስቷ ዘንድ ናት» ብለው ከደጅ መለሷት። «ጫማዋ በር ላይ ነበር ታዴ» አለችኝ ስትመለስ። «የገዛሁላት ሰማያዊው ጫማ። ጠቧት ነው መሰለኝ በስተኋላው ረግጣዋለች።» እግሯ አብጧል ማለቷ ነበር። በኋላ እንደሰማነው ሐዋ ስታብጥ ጎረቤት «የእናት ቤት ተስማማት፣ ደለበች» እያለ ተደስቷል። ራሷን ሲያማት ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሸቷት።

እህል በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጆንያ ላይ አስተኝተው አመጧት። ረፋድ ላይ ነው። ወደ አቀስታ ሊወስዷት ሲሉ ራሷ ሐዋ «ሉባባ ጋ» ብላ ነው አሉ፤ የመጨረሻ ቃሏ ይኼ ሆነ። ሉባባ ጎንበስ ብላ ነጠላዋን አሸተተች። እንደ ወትሮው አልጮኸችም። ቀና ብላ አየችኝና በቀስታ «ክብሪት ነው፣ ታዴ» አለች።

የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። መርፌው ተወጋ፣ በኦፕራሲዮን ልጅ ወጣች፣ ሴት ልጅ፣ ደህና። ሽንቱ ወደኔ ሲመጣ ሻይ ይመስል ነበር። ወረቀቱን ስነክረው ቢጫው የት እንደገባ አላየሁም፣ ወዲያው ጠቆረ። ሉባባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን አልክ?» አላለችም።  ሐዋ በማግስቱ ዓይኗን ሳትገልጥ ሞተች።

ለተዕዚያው፣ ለለቅሶው፣ ሄድኩ። ሸህ ይማምና ወይዘሮ ዘይነባ ሐዋን ከወሰዷት ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ሰው ግን «ምን ነካት?» እያለ ሲጠይቅ፣ አንዱ ከወዲህ፣ አንዷ ከወዲያ፣ አንድ ቃል ሲናገሩ ሰማኋቸው። «ምች ነው።» ልጅቷን ኢማን አሏት፣ አያቷ ወይዘሮ ዘይነባ ወሰዷት።

ሉባባ ሥራ በገባች ቀን ክፍሌ ሆኜ ጆሮዬን ሰጠሁ። ግፊት ለካች፣ ጻፈች፣ ወደኔ ላከች። «እናትሽ እንዴት ነበረች?» የሚል ድምፅ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሳምንት ጠብቄ ገባሁና «ዘር ቆጣሪዋ፣ ምነው ተውሽ?» አልኳት።

«ጠይቄ ምን ላደርግ?» አለችኝ። «መደበቅ ነው የሚገድለው ስል አልነበር? እኔ አልደበቅሁም። ተናግሬ ነው የገደልኳት። ዝም ብል ኖሮ ሴትየዋን ለምኜ አስቀራቸው ነበር። ያን ፕሮቲን በስሙ አውቀዋለሁ፣ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ምን እንደሚያስር አውቃለሁ። እያወቅሁት እጄ ላይ ሞተች። የማያውቀው ሰው እኮ ምች ብሎ አልቅሶ ይወጣለታል።»

ልከራከራት ሞከርኩ። ያተረፈቻቸውን ጠራሁላት፣ የማሩን ገበሬ ሳይቀር። አዳመጠችኝ፣ ከዚያ የሚቀጥለዋን እርጉዝ ጠራች። ከዚያ ወዲህ ሽንት አዋቂው ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ስድቡ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? ማዳመጫውን ግን ማሞቋን አልተወችም።

የቀራት አንድ ነገር ኢማን ነበረች። አያቷ ለዒድ አንድ ቀን ወደ ሸህ ይማም ቤት ያመጧታል፤ ሉባባ በዓመት የምታያት ያን ቀን ነው። ዘንድሮ ከመሄዷ በፊት ክፍሌ መጣች። ኢማን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ፊደል ትቆጥራለች አለችኝ። «ልጅ ናት፣ ገና ናት። ግን አያቷ ማወቅ አለባቸው። ሲደርስ፣ ሳታገባ፣ ሊነገራት ይገባል። እናቷም የአባቷ እናትም እንደዚያ ነው የሞቱት። የዘንድሮ ዒድ ለወይዘሮ ዘይነባ እነግራቸዋለሁ፣ ይስሙም አይስሙም።» ብዙ ዓመት ያላየሁት ነገር ዓይኗ ውስጥ አየሁ። ቆሎ ዘግና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝና ሄደች።

ከሰኢድ ስልክ በኋላ ሸህ ይማም ቤት ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ሰኢድ አቅፎኝ አለቀሰ። ወይዘሮ ዘይነባ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል፣ ኢማን ከጉልበታቸው አጠገብ። እናቷን ቁርጥ ናት። ሸህ ይማም አርጅተዋል፣ ማየትም እየተሳናቸው ነው። «አብሽሩ አባባ» ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምን ሆና ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም አልሆነችም ልጄ። ደክሟት ተኛች፣ አልነቃችም። ፀሐይ ላይ ውላ ነበር፣ ምች ሳይሆን አይቀርም።»

ከዚያ የሉባባን ቦርሳ አቀረቡልኝ። «የመንግሥት ዕቃ አለበት፣ መልስልን።» ከፈትኩት። የግፊት መለኪያው በሻርፗ ተጠቅልሎ በፌስታል ታስሯል። ፌስታሉን ስፈታው ነው የሸተተኝ። ሻርፑን ዘረጋሁት። ጫፉ ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቀዳዳ ነበረች።

«አባባ፣ ጥሏታል እንዴ?» አልኳቸው በቀስታ።

ሸህ ይማም እጃቸውን አዩ። «እኔ ነኝ የለኮስኩት» አሉኝ። «ጠዋት ስትሰግድ ወደቀች። እሷ ክብሪት እንደምትጠላ አውቃለሁ። ግን እጄ ሌላ ነገር አያውቅም ልጄ። እናቷ ላይም እኔ ነኝ የለኮስኩት።»

ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሻርፑን አይተው «የሆስፒታል ሰው ነህ አሉ፣ ምን ይሆን የነካት?» ብለው ጠየቁኝ። ሸህ ይማም ክንዴን ያዙ፣ አጥብቀው። ሴቶቹም ወደኛ ዞሩ። እኔ ሉባባ የዘንድሮ ዒድ ልትለው የነበረውን፣ ብላው ይሁን ሳትለው የማላውቀውን ነገር አሰብኩ።

«ምች አይደለም» አልኩ። «ደም ግፊት ነው። ከእናቷ የመጣ ነው። እናቷም ስትወልድ በዚሁ ነው የሞተችው፣ ሐዋም በዚሁ ነው።»

ሽማግሌው «አይ ልጄ፣ ምች ነው እንጂ» አሉኝ፣ እንደ ማጽናናት። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ ዘይነባ ግን ሰምተዋል። ተነሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ኢማንን ከመሬት አነሷት። «ነይ ልጄ፣ እዚህ ቤት ሁለተኛ አንመጣም» አሏት።

ሰኢድ ተነስቶ ተከተላቸው፣ ከድንኳኑ ደጅ ላይ ቆመ። ሐዋ ስትሄድም ኪኒኑን ይዞ እንደዚሁ ቆሞ ቀርቷል። ኢማን የአያቷን እጅ ይዛ፣ የዒድ ቀሚሷን እየሰበሰበች፣ ዳገቱን እየዘለለች ወጣች። አያቷ የሚሸሹትን ነገር ይዛው ሄደች።